ማብሪያው በማን እጅ

ራጊዳ የመድኃኒት ቤቱን በር ቆልፋ ስትወጣ ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች። በሊባኖሷ ትሪፖሊ ክረምት ላይ ይመሻል ሳይባል ይጨልማል። የሮማን ሰፈር ደግሞ ሰፈር ከሚባል ይልቅ ደረጃ ቢባል ይቀላል፤ ከወንዙ ዳር ተነስቶ እስከ ኮረብታው አናት የሚወጣ ረጅም የድንጋይ ደረጃ፣ ግራና ቀኙን ቤት የተደገፈበት። የማዘጋጃ ቤቱ መብራቶች ከጠፉ ዓመታት አልፈዋል። ቤት ውስጥም ቢሆን የመንግሥት መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብሎ ይሄዳል፤ የቀረውን ሰዓት ሰው ሁሉ የሚኖረው ታች በር ላይ ባለው በአቡ ጊያስ ጄኔሬተር ነው።

ያን ምሽት ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ስትወጣ ከላይ የሚወርድ አንዳች ነገር ትከሻዋን መታት። የያዘችው ከረጢት አምልጧት ወደቀ።

«ዓይን የለህም?»

«አለኝ፤ በዚህ ጨለማ ግን ሥራ ፈት ሆኗል» አለ የወንድ ድምፅ። «ጥቅል ሽቦ ተሸክሜ ነው። ጎዳሁሽ?»

«ሽቦ ነው? እኔ ግመል መስሎኝ።»

ሳቀ። ሳቁ ወፍራምና የማይቸኩል ነበር። ሸክሙን አስቀምጦ በድንጋዩ ላይ እየዳበሰ የተበተነውን መድኃኒት አንድ በአንድ ይለቅምላት ጀመር። ጣቶቻቸው አንድ ጠርሙስ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም እኩል ለቀቁት፤ ጠርሙሱ እየተንከባለለ ሄደ።

«አሁን ማን ይሂድለት?» አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ልሂድ።»

እስከ በሯ ሸኛት። «ለማን ነው የምትሠራው?» ስትለው «ለሚከፍለኝ» አላት። ስሙን ስትጠይቀው «ቀን ስንተያይ እነግርሻለሁ» ብሎ ወረደ።

በማግስቱም ምሽት ደረጃው ሥር ነበር። በሦስተኛውም። ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ እሷ ስለ አባቷ ሳንባ፣ ስለ መድኃኒት ቤቱ ደንበኞች ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ግን የሚከብድ አልነበረም። ራጊዳ መልኩን በደንብ ሳታይ የእግሩን ኮቴ ከሌላው ሰው ኮቴ መለየት ጀመረች። ይህን ስታውቅ ደነገጠች፤ በራሷም ተናደደች። በዚያ ዕድሜዋ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ በኮቴ ልቧ ይደልቅ?

በዚያው ሳምንት ኡም ናዚህ የተባሉ አሮጊት ጎረቤት ለመግሪብ፣ ለጀንበር መጥለቂያው ጸሎት ሲወርዱ ጨለማው ውስጥ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሰፈሩ ተናወጠ። እሁድ ከሰዓት ሰው ሁሉ በመስጊዱ ጎን ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ።

አቡ ጊያስ ቆሙ። ሰፊ ደረት፣ ነጭ ጢም፣ በሰው ፊት መናገር የለመደ አንደበት ነበራቸው። «ጎረቤቶቼ! ከታች እስከ ላይ መብራት እዘረጋለሁ። ከጄኔሬተሬ፣ በራሴ ሽቦ። አንዲት ሊራ ከማንም አልፈልግም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ጭብጨባው ሲበርድ ራጊዳ ተነሳች።

«አላህ ይስጥልን፣ አቡ ጊያስ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ማብሪያው የት ነው የሚሆነው?»

«ማብሪያው? እኔ ዘንድ ነዋ! የት ሊሆን ኖሯል?»

«አምና በጋ የላይኞቹ ቤቶች ዋጋ በዛብን ብለው ባጉረመረሙ ጊዜ መስመራቸው ሳምንት ሙሉ ‹ተበላሽቶ› ነበር። ደረጃውም አንድ ቀን እንዲሁ ቢበላሽብንስ?»

ማጉረምረም ተነሳ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ አንቺ ምን አለሽ?» አላት።

«እንደ አቅማችን እናዋጣ። በፀሐይ የሚሠራ መብራት እንትከል። የባትሪው ሳጥን ቁልፍ ደግሞ በየወሩ ከታች ጀምሮ ከበር ወደ በር ይዙር። ማንም ብቻውን አያብራው፣ ማንም ብቻውን አያጥፋው።»

አቡ ጊያስ ፊታቸው ቀላ። «አንቺ ልጅ! አባትሽ የሚተነፍስበት ማሽን በማን መብራት ነው የሚሠራው? እስቲ ለዚህ ጉባኤ ንገሪው! አንድ ቀን ክፈሉ ብያችሁ አውቃለሁ?»

እውነት ነው፤ አንድም ቀን ብለዋቸው አያውቁም። መቶ ዓይን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

ያኔ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። «አባዬ፣ ይሄ እዚህ የሚነሳ ነገር አይደለም።»

ራጊዳ ዞር ሳትል አወቀችው። ዞረችም። ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ወጣት። የአቡ ጊያስ ልጅ ጊያስ ከአቢጃን ተመለሰ የሚል ወሬ ሰምታ ነበር፤ የሀብታም ልጅ ሽቦ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል ብላ ግን አላሰበችም። እሷና አባቷ እዚህ ሰፈር የገቡት እሱ ከሄደ በኋላ ነውና አይታውም አታውቅ።

ጊያስ ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ተያዩ። ቀድማ ዓይኗን የመለሰችው እሷ ነበረች።

ከአዳራሹ ስትወጣ በር ላይ ደረሰባት። «ራጊዳ፣ ስሚኝ...»

«ስሜን ቀን እነግርሻለሁ ብለህ አልነበር? ነገርከኝ። በቃ።»

ቤት ስትገባ አባቷ ሐምዲ ወሬውን ቀድመው ሰምተውታል። ዕድሜ ልካቸውን የትሪፖሊና የቤይሩት አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው፤ አሁን የአየር ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው መስኮት ሥር ይውላሉ።

«አባ፣ በእርስዎ እስትንፋስ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ልተወው ይሆን?»

ሐምዲ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለኔ ሳንባ ብለሽ አፍሽን ከዘጋሽ ሁለታችንም ታፍነን መቅረታችን ነው። ሰውዬው ደግ ሠርቶልናል፤ አመስግኚው። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ሂጂ፣ መዋጮውን ሰብስቢ።»

ሄደች። ከሥራ ስትወጣ በየበሩ ማንኳኳት ያዘች። አንዳንዱ ሰጠ፤ አንዳንዱ «አቡ ጊያስ ቢቀየሙንስ?» ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ። አንዷ ሴትዮ ፊት ለፊት «አንቺ ባል ብታገኚ ይሄ ሁሉ አይታይሽም ነበር» አለቻት። ራጊዳ ሳቀችና «ባል ባገኝም እሱም በዚሁ ደረጃ ነው የሚወጣው» ብላ በማግስቱ ያንኑ በር መልሳ አንኳኳች። በሦስተኛው ሴትዮዋ ሰጠቻት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አቡ ጊያስ ራሳቸው መድኃኒት ቤት ገቡ። ደንበኛ አልነበረም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ተቀበሉና አልወጣ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ነገር ማዞር አልችልበትም። ጊያስ እንቅልፍ አጥቷል። እናቱ ደርሳበታለች፤ የሚያባንነው ያንቺ ስም ነው። አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?»

ራጊዳ መዋሸት አልቻለችም። «እፈልገዋለሁ።»

«እንግዲያው ይሄን የመብራት ነገር ተይው። የፊታችን ዓርብ ሽማግሌ ይዤ አባትሽ ቤት እመጣለሁ። ማሽኑም እስከ ዕድሜ ልክ የኔ ኃላፊነት ነው።»

«አቡ ጊያስ፣» አለች፤ «ልጅዎን እፈልገዋለሁ። በዚህ ዋጋ ግን አልፈልገውም። እኔ እሱን ባገባ ኡም ናዚህ ደረጃውን በምን ብርሃን ይወጣሉ?»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ቤት ሲደርሱም ለልጃቸው የነገሩት ግማሹን ብቻ ነበር። «ጠይቄልህ ነበር። አልፈልገውም አለች።»

መዋጮው ሞላ። መብራቱ ተገዛ። ምሰሶዎቹን የሚተክል ሰው ሲፈለግ ግን የከተማው ባለሙያ ሁሉ ከአቡ ጊያስ ጋር ሥራ ነበረውና አንዱ ታምሜ፣ አንዱ መንገደኛ ነኝ እያለ ሸሸ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራጊዳ የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ጊያስ ብቻውን መሰላል ላይ ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«አባትህ ያውቃሉ?»

«ያውቃል። ከሥራ አባሮኛል።» ወደ ታች አላየም። «የምትሄጂበት ካለሽ ሂጂ፤ ድንጋይ ሊወርድብሽ ይችላል።»

ቅዝቃዜው አስገረማት። «ምን አድርጌህ ነው?»

መዶሻው ቆመ። «እኔ ምን አደረግሽኝ አልኩ? አልፈልገውም ማለት መብትሽ ነው።»

«ማን ነው አልፈልገውም ያለው?»

ያኔ ወደ ታች አያት። ራጊዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መድኃኒት ቤት ውስጥ የተባለውን ሁሉ፣ ቃል ሳትቀንስ፣ መሰላሉ ሥር ቆማ ነገረችው። ‹እፈልገዋለሁ› የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ አነሰ።

«አልሰማሁም» አለ ጊያስ።

«ሰምተሃል።»

«መሰላል ላይ ነፋስ አለ፣ ሽቅብ አይሰማም።»

«እፈልገዋለሁ አልኩ!» ብላ ጮኸች። ከላይ ሁለት መስኮት ተከፈተ። ራጊዳ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ጊያስ መሰላሉን ይዞ እስኪወዛወዝ ሳቀ።

ሳቁ ሲያበቃ ግራ የገባት ነገር ቀረ። «ቆይ፣ እንዳልፈለግኩህ ስታስብ ታዲያ ለምን ልትተክል መጣህ?»

ጊያስ መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሰካ። «ኡም ናዚህን ያነሳኋቸው እኔ ነበርኩ። የያዝኩት ሽቦ ቤት ሁሉ መብራት የሚያደርስ ሽቦ ነው፤ እሳቸው ግን እግራቸው ሥር ጨለማ ነበር። አንቺ አዳራሹ ውስጥ ያልሽው እኔም ለራሴ ስለው የኖርኩት ነው። ለመናገር ወኔው አልነበረኝም እንጂ።»

ራጊዳ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችለት። እስኪመሽ አልለቀቀችም።

መብራቱ ዓርብ ማታ በራ። ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ወጥቶ እልል አለ፤ ደስታው ግን ሳያድር ጠብ ሆነ። ቁልፉ ከታች ጀምሮ ከበር ወደ በር ይዙር ተብሏል፤ የታችኛው የመጀመሪያ በር ደግሞ የአቡ ጊያስ ነው።

«አንድ ሊራ ላላዋጣ ሰው!» አለ አንዱ። «መብራቱን እንዳይተከል ሲያሳድድ ለኖረ!» አለ ሌላው። «ይታለፍ! ይታለፍ!»

ራጊዳ ወንበር ላይ ወጣች። «ያልነው ‹ከበር ወደ በር› ነው፤ ‹ካዋጣ ወዳዋጣ› አላልንም። ኡም ናዚህም አላዋጡም፤ እሳቸውንም እንለፋቸው? ዛሬ የጠላነውን ከዘለልን ነገ የምንዘልለው እርስ በርሳችንን ነው። ያኔ አንድ አቡ ጊያስ አስወግደን መቶ አቡ ጊያስ ተክለናል ማለት ነው!»

«ቢያጠፋውስ?»

«ካጠፉት እንነጋገራለን። አሁን ግን ተራቸው ነው።»

ቁልፉን ይዛ ብቻዋን ወረደች። አቡ ጊያስ በሩን ከፈቱ። ከኋላቸው ጄኔሬተሩ ያጓራል። ዘረጋችላቸው።

«የኔ ተራ ነው ያለው ማነው?»

«ደንቡ ነው።»

«ባጠፋውስ?»

«ደረጃው ይጨልማል።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለች። «ቢሆንም ያው ተራዎ ነው።»

አዛውንቱ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ራጊዳ ደረጃውን ስትወጣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ረጅም ጊዜ እንደፈጀ ተሰማት።

በዚያ ወር መብራቱ አንድም ምሽት ሳይበራ አልቀረም። እንዲያውም አንድ ቀን ዝናብ ያዘለ ደመና ሲያጠላ አቡ ጊያስ ገና በአስር ሰዓት አብርተውት ሰው ሳቀባቸው። ልጃቸውንም፣ ሰበብ ሳይፈልጉ፣ ለምሳ ጠሩት።

ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን ለቀጣዩ በር አስረከቡና ወደ ላይ መውጣት ቀጠሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውና በአይብ የተሠራ ጣፋጭ የያዘ ጊያስ ይከተላሉ። የሐምዲን በር ሲያንኳኩ ልባቸው በደረጃው ደክሞ ነበርና የሁለቱ አባቶች ሥራ ለጥቂት ጊዜ እየተያዩ መተንፈስ ብቻ ሆነ።

«ሐምዲ፣» አሉ አቡ ጊያስ በመጨረሻ፣ «ልጅህን ለልጄ ልለምን መጥቻለሁ። በምላሹ የምጠይቀው ነገር የለም።»

ሐምዲ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መልሱ ያለው እሷ ዘንድ ነው።»

ራጊዳ ግን ጊያስን አየች። «ሁሉም ተናገረ፤ አንተ ብቻ ቀረህ።»

ጊያስ የጣፋጩን ሣጥን እንደያዘ አባቱንም እሷንም አየ። «እወዳታለሁ» አለ። «ፊቷን ከማየቴ በፊት ወድጃታለሁ፤ ፊቷን ካየሁ ወዲህማ የባሰ ነው። ከእሷ ጋር ሳልስማማ የምውልበት ቀን እንደሚኖር አውቃለሁ። እሱንም እፈልገዋለሁ።»

«እሺ» አለች ራጊዳ። የጊያስ እናት እልልታውን አቀለጡት።

የብርቱካኑ አበባ ሲፈካ ተጋቡ። ሙሽራዋ ከላይ እስከ ታች በእግሯ ወረደች፤ ኡም ናዚህም አይሂዱ ቢባሉ እምቢ ብለው በከዘራ አብረዋት ወረዱ።

ዛሬ አቡ ጊያስ የደረጃው መብራት ኮሚቴ አባል ናቸው፤ ስብሰባ ላይ እንደ እሳቸው የሚከራከር የለም። መብራቱ ስንት ሰዓት ይጥፋ፣ አዲስ ባትሪ ከየት ይገዛ፣ ሁልጊዜ ከራጊዳ ጋር ይጣላሉ። እዚያ «አቡ ጊያስ፣ ተራዎን ይጠብቁ» ትላቸዋለች ድርቅ ብላ። ስብሰባው ሲያበቃ ክንዳቸውን ትይዝና «በሉ አባባ፣ ራት ቀርቧል» ብላ ይዛቸው ትወርዳለች። ክርክሩ ግን አያቆምም፤ እስከ ማዕዱ ድረስ ይከተላቸዋል፤ ጊያስም በመሃላቸው ተቀምጦ፣ ለማንም ሳያደላ፣ ዳቦውን ይቆርስላቸዋል።