ሽታ የለም

ሬሳው የተገኘው የኋላ ወንበር ላይ ነው።

መኪናውን ስትነዳ የነበረችው ግን እሷው ናት። ከፊት ወደ ኋላ የተሻገረችው በር ፍለጋ ነበር። አራቱንም ሞክራለች። አንዱም አልተከፈተላትም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነደደ። የሠላሳ አንድ ዓመት ፋርማሲስት፣ የአንዲት ሕፃን እናት፣ ውስጡ ቀረች። መስኮት ሊሰብር ድንጋይ ያነሳ ሰው የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

ቅዳሜ ባልየው እስር ቤት ነበር።

መርማሪዋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ባልየው የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መኪናው ቻርጅ የሚደረግበትን ሶኬት ግድግዳ ላይ የገጠመው በገዛ እጁ ነው። ረቡዕ ምሽት በሚስቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመኪናው።»

«መኪናው ምን ሆነ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሽታ ነበረው?»

እጆቹን አየ።

«ስማ፣ ከነገ ወዲያ ፋይልህ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይገባል። ልጅህ እናቷን አጥታለች። አንተንም ልታጣህ ነው። ተናገር እንጂ!»

«መኪናውን አልነካሁም» አለ። ከዚያ ወዲያ አፉ ተለጎመ።

ንጹሕ ሰው እንዲህ አይዘጋም አለች በልቧ። እሷም ሰው ናት፤ ትሳሳታለች።

ባልየውን ያሳሰረው አንድ ወረቀት ነው። የሟች አጎት፣ ስመ ጥሩ መካኒክ፣ «መኪናው ይሸታል» ብላ ስታመጣለት ማክሰኞ መርምሮ «ሽታ የለም» ሲል ፈርሟል። ማክሰኞ ጤነኛ የነበረ መኪና ሐሙስ ከነደደ፣ በመሃል የነካካው እጅ አለ ማለት ነው። ከባልየው ሌላ ማን አለ?

አጎትየውን «አፍንጮ» ይሉታል። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ደፍጣጣ ነው። የሚሸት መኪና ሲመጣለት መስኮቱን ይዘጋል፣ ማሞቂያውን ያስነሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። «ጎማ ነው። ፍሬን ነው። ሽቦ ነው» ይላል፤ ያለው አንድም ቀን መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም። ወሬውን ሰምቶ ለማየት ብቻ የሚመጣም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከቴክኒክ ምርመራ ክፍል ለመርማሪዋ አንድ የተቃጠለ ቁራጭ መጣላት። የመኪናው ማሞቂያ ሽቦ የሚታሰርበት ነው። አንድ ብሎን ላልቷል። በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ደርቋል፤ እንደገና ቀልጦ እንደገና ደርቋል፤ ልክ ብዙ ቀን እየተለኮሰ እንደጠፋ ሻማ።

«ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም» አላት ባለሙያው። «ሳምንታት ሲበስል ነው የከረመው። ማሞቂያው በበራ ቁጥር ይሸታል።»

«በሮቹስ? ማን ቆለፋቸው?»

«ማንም። ኃይሉ ሲቋረጥ እጀታው አይሠራም። ከሥሩ በእጅ የሚሳብ መክፈቻ አለ። ስንቱ ያውቀዋል ብለሽ ነው?»

ስለዚህ መኪናው ማክሰኞም ይሸት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መርማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ጋራዡ ድረስ ሄደች።

አፍንጮ ጥቁር ለብሶ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሽቦ ይበይዳል።

«ጋሼ፣ ሐዘን ላይ ሆነውም ይሠራሉ?»

«ቤት ብቀመጥ አብዳለሁ፣ ልጄ።»

«ማክሰኞ ዕለት ማሞቂያውን አስነስተውት ነበር?»

«እንዴታ! መስኮት ዘግቼ፣ ላብ በላብ እስክሆን ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ያ ከይሲ ባሏ ነው ከዚያ በኋላ የበላት።»

ይህን እያለ ወደ እሷ ዞረና የጋለውን መበየጃ ከጀርባው አኖረው። ያረፈው የገዛ ላስቲክ ጓንቱ ላይ ነው። ጓንቱ መጨስ ጀመረ። ክርፋቱ ጋራዡን ሞላው፤ የመርማሪዋ ዓይን እንባ አቀረረ። አፍንጮ ስለ እህቱ ልጅ ደግነት ማውራቱን ቀጠለ።

አላቋረጠችውም።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ይሸትዎታል?»

«አሁን? ምንም።»

ከዚያ ፊቷን አየ። ዞረ። ጓንቱ ነበልባል ይዟል።

ሽማግሌው በባዶ እጁ ጨፍልቆ አጠፋው። መዳፉ ሲላጥ እህ እንኳ አላለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት። አንድ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። እኔን ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ።»

መደርደሪያው ላይ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ማሸጊያው አልተቀደደም።

«ይሄስ?»

«ያንን ካሜራ ሰው ፊት ካወጣሁ አፍንጮ ምን ነካው ይላሉ። አፍንጮነቱ ከቀረ እኔ ምን ነኝ?»

«የልጅቱ ባል በእርስዎ ወረቀት መታሰሩን ያውቁ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። «እሱ ካልሆነ እኔ ነኝ የገደልኳት። እሱ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ስመኝ ስመኝ አመንኩት።»

ይዛው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የባልየውን ክፍል ከፍታ ሁሉንም ነገረችው። አልተነሳም።

«ተነስ እንጂ። ተፈተሃል። ልጅህ አያቷ ጋ ትጠብቅሃለች።»

«ሽታ ነበረው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር።»

«ነበረው?»

«ረቡዕ ምሽት እጄን ይዛ አስገባችኝ። ‹እባክህ አንተም አሽተው፣ እኔ ልታመም ነው› አለች። አሸተትኩ። የሚቃጠል ሽቦ ነው። ሥራዬ አይደል፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።»

«ምን አልካት ታዲያ?»

«‹አጎትሽ የለም ካለ የለም› አልኳት። አፍንጮን የሚያክል ሰው ተናግሮ እኔ ማነኝ? እሷ አልቀበል ስትል ጮኽኩባት። ጠዋት ቁልፉን አንስታ ወጣች።»

መርማሪዋ በሩን ክፍት ትታለት ሄደች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ በሩ እንደተከፈተ ነው። እሱም እንደተቀመጠ ነው።