ለአቡጀዴው ሰውዬ የወረደው ሙሾ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሰው መጥቶ «ትናንት ከሾላው ሥር ድምፅ ሰማሁ» ሲለኝ «የማን በግ ጠፍታ ይሆን?» ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ። አንድ ጊዜማ መንደሩ በሙሉ ምንጩ ዳር ሰው ያቃስታል ብሎ ውኃ መቅዳት ትቶ ነበር፣ ቅሌን ይዤ ብቻዬን ወርጄ ባይ የተሰበረ እንስራ ውስጥ የገባ ጉርጥ ነው፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አምጥቼ አሳየኋቸው፣ ያም ሆኖ «እሱ ሌላ ነው፣ የሚያቃስተው ሌላ ነው» ያሉኝ ነበሩ። እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሴት ነኝ ዳንግላ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ያየሁትን የምነግራችሁ፣ እመኑኝ፣ ብጨምርበት የሚጠቅመኝ ነገር የለም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፣ ጉልበቴ ገና ነው፣ ቤት መቀመጥ አልወድም፣ ሙሾ አወርድ ነበርና ለቅሶ አለ ከተባለ ወደ አዘናም ይሁን ወደ ኮሶበር እግሬ እንዳመጣልኝ እሄዳለሁ። የሟቹን ጠባይ፣ ዘሩን፣ ያረሰውን መሬት በስንኝ እደረድራለሁ፣ ሴቱ ይቀበለኛል። ድምፅሽ መልካም ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን ከድምፄ ይልቅ የምኮራው በአለመርሳቴ ነበር፣ ያወረድኩት ሙሾ ሁሉ ከነባለቤቱ ትዝ ይለኛል።

የእናቴ ታናሽ እትዬ እናንዬ፣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው፣ ልጅ አልወለዱም፣ ባላቸውም ቀድመዋቸዋል፣ እና በዓለም ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ጅብ አይፈሩ፣ ዳኛ አይፈሩ፣ የሚያለቅስላቸው አጥተው እንደ ወደቀ ግንድ ተሸክመው እንዳይጥሏቸው ነው ፍርሃታቸው። ስለዚህ «ሙሾዬን በቁሜ ልስማው፣ አሰናጅልኝ» አሉኝ። ሰኞ ሰኞ እሄዳለሁ፣ መደቡ ላይ ይጋደማሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ይከናነባሉ፣ እኔ አወርዳለሁ፣ እሳቸው ከጋቢው ሥር ሆነው ያርሙኛል።

«ሦስት ላም ነበራት በይ።»

«እትዬ፣ ያሉት ላሞች ሁለት አይደሉም?»

«እስክሞት ሦስተኛዋ ትወለዳለች፣ አንቺ አውርጂ። ፈረሴንም አትርሺ።»

«ፈረሱ አንካሳ ነው እኮ።»

«ማንከሱን አልቅሺ ማን አለሽ? መልኬንም አንሺ።»

«ቆንጆ ነበረች...»

ጋቢው ተገለጠ። «ነበረች? ነበረች ነው ያልሽው?»

«ሞተው እኮ ነው የሚባለው፣ እትዬ።»

«ገና ነኝ፣ አንቺ ልጅ!» ብለው ተመልሰው ተከናነቡ።

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሁለት ክረምት ፈጀን፣ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ስንኝ ሆኖ ተሰናዳ፣ እሳቸውም በቃላቸው ያዙት። ሳወርደው ጋቢው ውስጥ ሆነው ለራሳቸው ስቅስቅ ብለው ያለቅሱና ሲያበቃ ተነሥተው «ጥሩ ተለቀሰልኝ» ብለው ጠላ ይቀዱልኛል። በእኛ ዘንድ ታዲያ ለአንድ ሰው የተሰናዳ ሙሾ ለሌላ አይወርድም፣ የሰው ከፈን አንሥቶ ለሌላ እንደ ማልበስ ነው፣ ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን የሲኒማ መኪና ዳንግላ ገባ ተባለ። እትዬ እናንዬ በአንካሳው ፈረስ፣ እኔ በእግሬ፣ ጎረቤታችን አያ ቢያዝንም ከኋላችን እየተከተሉ ሄድን። ሲኒማው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፣ መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍነው ቀኑን አጨልመውታል፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ አቡጀዴ በምስማር ተወጥሯል፣ እኛ ሴቶች በአንድ ወገን ወንዶች በሌላው ወገን ተቀመጥን፣ የጤፍ ትቢያ እየቆነጠጠን እናስነጥሳለን። ባለማሽኑ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፣ ሥዕሉ ድምፅ ስለሌለው አጠገቡ ቆሞ የሚነግረን እሱ ነው። «አንድ ታሪክ አይደለም፣ አጫጭር ነው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው፣ ግን በሁሉም ሰው ይሞታል፣ ያስቃልም» አለን።

«ሞቶ የሚያስቅ?» አሉ አያ ቢያዝን። «የናንተ አገር ሰው እንዴት ነው የሚሞተው?»

በመጀመሪያው ታሪክ አንድ ወፍራም፣ ሪዙ እንደ በሬ ቀንድ የወጣ ፈረንጅ ጣሪያ ላይ የወጣች ዶሮ ሊያወርድ መሰላል ይወጣል፣ ዶሮዋ በገዛ እግሯ ትወርዳለች፣ እሱ ይወድቅና ይሞታል። ባለማሽኑ እኛ ስንስቅ ሊያይ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ነበር፣ ያገኘው ግን መጋዘኑ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያለቅስ ነው። ሴቱ ዋይ አለ፣ ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንዷማ «ለዶሮ ብሎ!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

«ኧረ ሳቁ! የሚያስቅ ነው!» ብሎ ጮኸ ባለማሽኑ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት እትዬ እናንዬ። «እናትህ በሕይወት አሉ?»

ሁለተኛው ተጀመረ፣ ምን ብናይ ጥሩ ነው፣ ያ የሞተው ሰውዬ ደህና ሆኖ፣ ሪዙን አበጥሮ፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያን ጊዜ የተነሣው ጫጫታ! አያ ቢያዝን ብድግ ብለው «ለዚህ ሰውዬ ወገቤን አስሬ አልቅሻለሁ፣ እንባዬን ይመልስ!» አሉ። ባለማሽኑ «ሌላ ታሪክ ነው፣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው» ብሎ ቢምል ማን ይሰማዋል። ሰውዬው የሠራውን ሳጥን ልኩን ለማየት ገብቶ ሲጋደም ክዳኑ ይዘጋበታል፣ ገዢዎቹ መጥተው ሬሳ ያለበት መስሏቸው ወስደው ይቀብሩታል። አሁን ግን የሚያለቅስ ጠፋ፣ ከኋላ አንዲት ሴት ክትክት ብላ ሳቀች፣ «ተዉት፣ ይነሣል፣ ልማዱ ነው!» አለች፣ ከዚያ በኋላ መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ፣ እኔም አልቃሿ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እትዬ እናንዬ ብቻ አልሳቁም።

በሦስተኛው ያው ሰውዬ ሀብታም ሽማግሌ ሆኖ አልጋው ላይ ይሞታል። ወራሾቹ እየጨፈሩ ይገባሉ፣ አንዱ ትራሱን ይወስዳል፣ አንዱ ጫማውን ከእግሩ ያወልቃል፣ ሁለት ሴቶች ብርድ ልብሱን እየተጓተቱ ሬሳውን ያንከባልሉታል። ሰው በሳቅ እየሞተ ነው። እትዬ እናንዬ ክንዴን ያዙኝ።

«እስካሁን አንድም ሰው አላለቀሰለትም» አሉኝ።

«ቀልድ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ባለማሽን! ሰውዬው ልጅ አለው?»

«የለውም፣ እማማ» አለ ባለማሽኑ፣ «የዘመድ ዘመድ ናቸው።»

እትዬ እናንዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ «ተነሺ፣ አልቅሺለት» አሉኝ።

«የማላውቀውን ሰው? ስሙን እንኳ ሳላውቅ ምን እላለሁ?»

«የኔን ስጪው።»

«የእርስዎን?! ለእርስዎ የተሰናዳውን?»

«እኔ ገና ነኝ፣ ሌላ ትሠሪልኛለሽ! እሱን ግን አሁን ሊያነሡት ነው፣ ተነሺ ብዬሻለሁ!» አሉ፣ ቀሪውን ቁጣ በአገውኛ ጨረሱት፣ እሳቸው በአገውኛ ከተቆጡ ደግሞ መከራከር የለም።

ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ አወረድኩለት። ለፈረንጁ ሦስቱንም ላም ሰጠሁት፣ ፈረሱንም ሰጠሁት፣ መልኩንም አነሣሁለት። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁ ቀዘቀዘ፣ ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ከጆሮዬ የራቀ መሰለኝ፣ ቀጥሎ የራሴ ድምፅ ከአቡጀዴው በኩል፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ትንሽ ዘግየት እያለ ይመለስልኝ ጀመር፣ ባዶ መጋዘን ያስተጋባል ትሉኝ ይሆናል፣ በሰውና በጆንያ የተሞላ መጋዘን አያስተጋባም። ውጭ የታሰረው ፈረስ አሽካካ። ከዚያ ከሚጨፍሩት ወራሾች አንደኛው እግሩን እንዳነሣ ቆመ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ሩቅ የሚጠራውን እንደሚያዳምጥ ሰው። ሁለቱ ሴቶች ብርድ ልብሱን ለቀቁ። ጫማ የያዘው ጫማውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። እኔ ማቆም አቃተኝ፣ አሥራ ሁለተኛዋን ስንኝ ስጨርስ ሬሳው ዓይኑን ገለጠ፣ እኛ የተቀመጥንበትን የሴቶች ተራ ከዳር እስከ ዳር ቃኘና እትዬ እናንዬ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ አንዲት እንባ ሪዙ ውስጥ ገባች፣ ዓይኑን ከደነ። ያን ጊዜ ወራሾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ጀመር፣ እንደ ፈረንጅ አይደለም፣ እንደኛ።

«አሁን ገና ለቅሶ ሆነ!» አሉ አያ ቢያዝን፣ መጋዘኑም አጨበጨበ።

ባለማሽኑ ሞተሩን አጠፋ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እማማ፣ በዚህ ፊልም ማንም አያለቅስም፣ ጫማውን ተካፍለው እየጨፈሩ ነው የሚያልቀው፣ በየአገሩ አሳይቼዋለሁ» አለ።

«እንግዲህ ታረመ» አሉት እትዬ እናንዬ።

የፊልሙን ጥቅል መልሶ ከመጀመሪያው አሳየ። ወራሾቹ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፣ አንድም የጨፈረ የለም። ባለማሽኑ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ አያ ቢያዝን ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ፣ ዘመድህ ነበር እንዴ?» ይሉታል።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ እናንዬ ደስ ብሏቸው ፈረሱ ላይ ያንጎራጉራሉ፣ ድንገት ፈረሱን አቆሙ። «አንቺ፣ የሙሾዬ መጀመሪያ ምን ነበር?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። የሌላውን ሟች ሁሉ ሙሾ አስታውሳለሁ፣ የእሳቸው ግን አንዲት ቃል የለችም፣ ተነቅሎ የተወሰደ ጥርስ ቦታ ነው። እሳቸውም ጠፍቷቸዋል። ወደ አያ ቢያዝን ዞርን፣ «ማልቀሴን አውቃለሁ፣ ምን ብለሽ እንዳስለቀስሽኝ ግን...» ብለው ራሳቸውን አከኩ። በመጋዘኑ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ፣ ላሞቹን የሚያስታውስ እንኳ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ እናንዬ እንቅልፍ አጡ። «አዲስ ካልሠራሽልኝ አልሞትም» ብለው ማሉ፣ ቢያተኩሳቸው «አሁን አይሆንም፣ ገና አልተሰናዳም» ብለው ከአልጋቸው ይነሡ ነበር፣ እመኑኝ፣ ሁለት ጊዜ እንዲሁ ተነሥተዋል። ሰኞ ሰኞ እሠራለሁ፣ ከጋቢው ሥር «ይህ የኔ አይደለም» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ የእሳቸው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት፣ ጤፍ ሲወቃ፣ ሳይነግሩን ሄዱ። በለቅሶው ቀን ሰው ሁሉ እኔን አየ፣ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሴቶቹ እንደ ነገሩ አለቀሱላቸው፣ አነሧቸው፣ ተቀበሩ። ያሳደጉኝን ሴት የፈሩትን አሟሟት እንዲሞቱ አደረግኋቸው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ቤት መሄድ ተውኩ።

ዓመት ሳይሞላ ዳንግላ ገበያ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ይዛ የመጣች፣ ፈጽሞ የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ስትጫወት «የናንተ አገር ሰውም በሲኒማ ይሠራል እንዴ?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ባለፈው ሳምንት እኛ ዘንድ አሳዩን፣ አንድ ወፍራም ፈረንጅ ይሞታል፣ ለቀስተኛው ፈረንጅ ነው፣ ከመካከላቸው ግን ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት አሮጊት አለች።»

እትዬ እናንዬ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። «ታለቅሳለች?» አልኳት።

«ምን ታለቅሳለች! እየዞረች ለቀስተኛውን በዱላ ትነካካለች፣ እንዲህ አልቅሱ እያለች የምትቆጣ ይመስላል፣ በሳቅ ፈጀችን።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ አዲስ ቅዳም ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መኪናው ከሄደ ቆይቷል። አቡጀዴው የተወጠረበትን ግድግዳ አሳዩኝ፣ አራት ምስማርና ጭቃ ብቻ ነው። ሰው ሲገበያይ እኔ እንደ እብድ ግድግዳ ፊት ቆምኩ፣ እና መጣልኝ፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ፣ ላሞቹ፣ ፈረሱ፣ መልካቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለጭቃው ግድግዳ አወረድኩ፣ ገበያተኛው ቆሞ ያየኛል፣ አንዱ «ምን ሆና ነው?» ሲል ሌላው «ግድግዳ ሞቶባት» ይላል።

አሥራ አንዱን ስንኝ አወረድኩ። አሥራ ሁለተኛዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከንፈሬን ነከስኩ። በእኛ አገር ሙሾ ካላለቀ ሬሳ አይነሣም፣ የመጨረሻዋ ስንኝ ስትወርድ ነው ቃሬዛውን የሚሸከሙት፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ ቆመው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ሰው እየተቆጡ ነው ተብያለሁ። ጨርሼላቸው ልሸኛቸው ይገባ ነበር ወይስ እንዲቆሙ ልተዋቸው፣ ይህን የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፣ ቄስ ጠይቄ «ሲኒማ አትሂጂ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ያቺ ስንኝ አሁንም አፌ ውስጥ አለች። አርጅቻለሁ፣ የልጅ ልጄ ቤት ነው የማድረው፣ ሰሞኑን በእንቅልፌ እንደማወራ ነገረችኝ። «ምን አልኩ?» ብላት «ልትጀምሪ ስትዪ ዝም አልሽ» አለችኝ። እንግዲህ ስናገር ከሰማሽኝ፣ ምን እንዳልኩ ሳታዳምጪ ቶሎ ቀስቅሺኝ ብያታለሁ።