ቀንድ አውጣ ሲባል

በወይራ ውሃ ከተማ ቧንቧ የሚከፈተው ቀንድ አውጣዎቹ ሲፈቅዱ ነው። በማጣሪያ ጣቢያው ገንዳ ውስጥ ቀንዳቸውን ዘርግተው ከተሳቡ ውሃው ይለቀቃል፤ ዛጎላቸው ውስጥ ከተሸጎጡ ከተማው በጀሪካን ያጠራቀመውን ይቆጥባል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከ«እንደምን አደርሽ» በፊት «ቀንዱ ወጣ?» ይባባላል። ሹመቱ ከሰው ወደ ቀንድ አውጣ ከተዛወረ ወዲህ ቢያንስ ጉቦ የሚበላ ጠፍቷል።

ጠባቂያቸው ትርንጎ ናት። በየዛጎሉ ላይ የተለጠፈች «ልብ ሰሚ» የምትባል ፍሬ የምታህል መሣሪያ የልባቸውን ምት ወደ ጆሮዋ ትልካለች። ክፉ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ልባቸው ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ቀንዳቸው ይገባል።

ሰሞኑን ግን ነገሩ አልጥም ብሏታል። ልጇ ስምረት ሆዷን ይዛ ተኝታለች፤ የሰፈሩ ልጆችም እንደዚያው። ገንዳው ውስጥ ደግሞ በአሮጌዎቹ ፋንታ የገቡት የአዲሶቹ ቀንድ ሁሉ እንደ ሰርገኛ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ብታዳምጥ፣ ልባቸው ይጋልባል።

ከተማው ወደሚጠጣው ወንዝ ከሚፈሰው የቆዳ ፋብሪካ ቦይ ጥቁር ውሃ በብርጭቆ ቀድታ አንዱን ቀንድ አውጣ ጨመረችበት። ቀንዱን ሊሰበስብ ታገለ፤ አቃተው። እንደ ተዘረጋ ሞተ።

ወደ «አራቢው» ሄደች። አራቢው እንስሳን ከዘር ቅንጣቱ ጀምሮ በቃል እንደታዘዘው የሚሠራ ማሽን ነው።

«እነዚህን ስትሠራ ምን ተባልክ?»

«ኢንጂነር ደምሰው የአሮጌዎቹን ዘር ሰጥተው ‹ቀንድ አውጣ› አሉኝ» አለ ማሽኑ። «ስም መሆኑን አላወቅሁም። ትእዛዝ መስሎኝ አወጣሁ። ‹አስገባ› ያለኝ የለም።»

ትርንጎ ሳቋ መጣ፤ ስምረት ትዝ ስትላት ግን ተወችው። ሄዳ ዋናውን ቧንቧ ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ በሩ ላይ ተኮለኮለ፤ የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ደምሰውም ደረሱ።

«ኢንጂነር፣ በስህተት የተሠሩ ናቸው» አለቻቸው። «ቢታመሙም መግባት አይችሉም። እንደገና ይሠሩ።»

«ስሚ ትርንጎ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የድሮዎቹ በየሳምንቱ እየገቡ ሕዝቡ ሲሰድበኝ የት ነበርሽ? እነዚህ ከመጡ ውሃ ተቋርጦ አያውቅም። አንቺ ስህተት የምትይው እኔ የተሸለምኩበት ነው።»

ትታቸው ወደ ሰዉ ዞረች፤ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከፊት ቆመዋል። የሞተውን ቀንድ አውጣ ትክ ብለው አዩት።

«ቢገቡስ ፋብሪካው ይዘጋል?» አሉ።

«አይዘጋም፣ እትዬ።»

«ሌላ ወንዝ አለን?»

«የለንም።»

«እንግዲያስ ክፈችው፣ ልጄ። የዚህ ልጅ ሽንት ጨርቅ ተከምሮ ነው የመጣሁት።» ጀርባቸው ላይ የሚያቃስተውን ሕፃን ወዝወዝ አደረጉትና ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ለእነዚህ ታሞ ደህና መምሰልን ከሠራችሁላቸው፣ ለልጆቹም ሥሩላቸው እንጂ። እኔን የከበደኝ ሲያለቅሱ ማየቱ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ትርንጎም ቀልድ ነው ብላ ኢንጂነሩን አየቻቸው።

ደምሰው አልሳቁም። አገጫቸውን እያሻሹ፣ «ለአራቢው ምን ተብሎ ነው የሚታዘዘው?» አሉ።