የታጠበው ነጠላ

አባባ አሥራት የሞቱት በሁዳዴ መጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያን በኮሮና ምክንያት በተዘጋበት ሰሞን ነበር። በባሕር ማዶ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ባለው የልጃቸው የህብረት ቤት፣ መስኮት ሥር በተቀመጡበት ወንበር ላይ ጧፍ ይዘው በስልክ የሚተላለፈውን ቅዳሴ እየተከታተሉ ሳለ የለበሱት ነጠላ ተቀጣጠለ። ሆስፒታል ደርሰው ነበር፤ ማግስቱን ግን አላዩም።

ማዘንጊያ ወደዚያ ቤት የተላከችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሥራዋ ለአስከሬን መርማሪው ቢሮ የሞትን ምክንያት ማጣራት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የቃጠሎ ሕሙማን ነርስ ነበረች። መርማሪ ፖሊሱ በስልክ የነገራት አጭር ነበር፤ «ጨርቁ እንደ ተራ ጨርቅ አልነደደም፤ የሆነ ነገር ፈሶበታል። ፍርዶስ የምትባለው አስታማሚያቸው ሻማውን እኔ ነኝ የለኮስኩት ብላለች። እጇም የተቃጠለ ነው። ሰኞ እንይዛታለን። አንቺ ቋንቋቸውን ስለምትችዪ ቤተሰቡን አነጋግሪና ፋይሉን እንዝጋ።»

ማዘንጊያ ሳያዩ መዝጋት አትወድም።

በክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ወንበሩን አልነበረም፤ ጣሪያውን ነው። ከወንበሩ በላይ ጥላሸት ተለጥፏል። በርጩማ ላይ ቆማ በነጭ ጥጥ ጠረገችው። ጥላሸቱ እንደ አመድ አልረገፈም፤ ጣት ላይ የሚያሟልጭ ነበር። ከዚያ ወርዳ ወንበሩን ፈተሸች። መደገፊያው ጠቁሯል እንጂ መቀመጫውም ወለሉም ደህና ነው።

«እትዬ፣ አስታማሚዋ ልጅ ሳኒታይዘር በጋሎን ነበር የምታመጣው» አለ አንድርያስ፣ የሟቹ አማች፣ በሩን ሳያልፍ። «ያ ነገር ቤንዚን በሉት።»

«ከአባባ ጋር ትጣላ ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ? የምሠራበት ፖላሪስ ያለው ሱቅ ሌይኦፍ አድርጎ እስኪያሰናብተኝ ድረስ ቀን ቤት አልውልም ነበር።»

«አንተስ ከእሳቸው ጋር?»

«ያው የአማትና የአማች ነገር ነው። እሳቸው ሂተሩን ከፍ ያደርጋሉ፣ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ። በሌላ ነገር ተጣልተን አናውቅም።»

በዚህ መሀል ከምድር ቤቱ የልብስ ማድረቂያው ጮኸ። አንድርያስ እንደ ደነገጠ ሰው ዞሮ ወረደ። ሳሎን ውስጥ በጥቁር ልብሷ ኩርምት ብላ የተቀመጠችው ሚስቱ ህብረት ቀና አለች።

«አንድርያስ ነው ልብስ የሚያጥበው?»

«አጥቦ አያውቅም?» ማዘንጊያ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«የማሽኑን ቁልፍ እንኳ የት እንደሚጫን አያውቅም።» ህብረት መልሳ አንገቷን ደፋች። «የአባባን ነጠላዎች መሆን አለበት፤ ከአልጋቸው ላይ አጥቻቸዋለሁ። ጠረናቸው እንዳይጠፋ አትንኩብኝ ብዬ ነበር።»

«አባባ ቆዳቸውን ያማቸው ነበር አሉ።»

«ችፌ ነው፣ እትዬ። የክርናቸውን እጥፋትና አንገታቸውን ደም እስኪወጣ ያኩት ነበር። ሌሊት አይተኙም። ዶክተሩ፣ ሙቅ ውሃ ይቅር፣ ቅባቱን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጥጥ አልብሱ አለን። ከነጠላ የሚለሰልስ ጥጥ ከየት ይመጣል? ቀብቼ በነጠላ እጠቀልላቸዋለሁ። ጠዋት ከመሄዴ በፊት፣ ማታ ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራዬ ስገባ። ቆዳቸው እኮ እየዳነ ነበር። መተኛት ጀምረው ነበር።» ለአፍታ ሐዘኗ ላይ አንዳች ኩራት ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ነጠላው በየቀኑ ይቀየራል?»

«ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ይሻክራል ብዬ አቆየዋለሁ።»

«ቅባቱን ማን ነው የሚያመጣው?»

«አንድርያስ። ከፋርማሲው ድራይቭ ስሩ፣ ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ይቀበላል።» ዓይኗን ጠረገች። «ያቺን ልጅ እንደ እህቴ ነበር ያየኋት። ለቅሶ ልድረስ ብላ መጣች፤ ከበር መለስኳት።»

ፍርዶስ መኪናዋ ውስጥ ሆና ነው ያናገረቻት፤ መስኮቱ ወርዶ፣ ሁለቱም ማስክ እንዳደረጉ። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም።

«ጧፉን ለምን አንቺ ለኮስሽ?»

«ጣታቸው ስለሚሰነጣጠቅ ክብሪት መጫር ያማቸዋል። ‹ነይ አንቺ እስላም፣ አብሪልኝና ጽድቁን እንካፈል› ይሉኛል። ‹አባባ፣ የእኔ ድርሻ ይጻፍልኛል?› ስላቸው፣ ‹ጸሐፊውን አውቀዋለሁ› ይላሉ።» ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። «በእጃቸው አስያዝኳቸውና እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ጩኸት ስሰማ ብርድ ልብስ ይዤ ሮጥኩ። አለበስኳቸው። ጠፋ። ግን…»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

የእጇ ጀርባ ቀልቷል፤ በጣቶቿ መሀል ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንጓዎቿ ላይ ደም ረግቷል። መዳፏ ግን ጤነኛ ነው። የክንዷ ጸጉርም አልተለበለበም። እሳት የጣት መሀል መርጦ መዳፍን አይምርም።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኮሮና ከመጣ። በሳሙና እታጠባለሁ፣ ከዚያ ሳኒታይዘር፣ ከዚያ ጓንት።»

«እጅሽ ሳይደርቅ?»

«የት ጊዜ አለ፣ እትዬ?»

«ለፖሊሱ ለምን አልነገርሽውም?»

«እጄን አይቶ ‹ተቃጥለሻል?› አለኝ። ያቃጥለኛል አልኩት። እውነቴን ነው፤ ሌት ተቀን ያቃጥለኛል።»

ማዘንጊያ ራሷን ነቀነቀች። «በሳሙና ከታጠብሽ ሳኒታይዘሩ ትርፍ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። አድርቀሽ ነው ጓንት የሚለበሰው። ከታጠብሽ በኋላ ቅባት ተቀቢ፤ ካልተሻለሽ ሐኪም ይይሽ። የሥራ ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር የለውም።»

«ከታሰርኩ ሥራውስ የት ይገኛል?» አለች ፍርዶስ። «እናቴ ልጅሽ ሽማግሌ አቃጠለች ሲሏት በሕይወት የምትቆይ ይመስልዎታል?»

ማዘንጊያ ከመስኮቱ ራቀች። የራሷ መኪና ውስጥ ገብታ ወደ ፋርማሲው ደወለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ከቤቱ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ተራርቀዋል። ፖሊሱ አጥሩን ተደግፏል። ፍርዶስ ከመግቢያው አልፋ አልመጣችም፤ ህብረትም አላየቻትም። ማዘንጊያ ሣሩ ላይ የብረት መጥበሻ አስቀምጣ ሁለት ቁራጭ ነጠላ ዘረጋችበት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ተናገረች።

«ሳኒታይዘር አልኮል ነው። ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ጥላሸት የለውም ማለት ይቻላል። የዚህ ቤት ጣሪያ ግን ቅባት ያለው ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። ደግሞም አንድ ሰው ፈሳሽ ቢደፋባቸው ኖሮ መቀመጫውና ወለሉ ይነድ ነበር። የነደደው ጨርቁ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ቃጠሎም የክርናቸው እጥፋትና አንገታቸው ላይ ነው። የፍርዶስ እጅም ቃጠሎ አይደለም፤ ሳሙናና አልኮል የበላው ቆዳ ነው።»

ፖሊሱ፣ «ታዲያ ጨርቁን ምን አነደደው?» አለ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ለኮሰች። «ይኼ ያልተለበሰ ነው።» እሳቱ ጠርዙን ይዞ ቀስ እያለ ሄደ። በመቆንጠጫ ተጭና አጠፋችው። «ይኼ ደግሞ የአባባ ነው፤ ከማድረቂያው የወጣ።» ክብሪቱን ገና ስታስጠጋው ነበልባሉ ተምዘግዝጎ ወጣ፤ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። ህብረት ከወንበሯ ተነሣች።

«ታጥቦ እኮ ነው» አለች።

«በሙቅ ውሃም ቢታጠብ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጧፍ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጥጥ ፈትል ሰም ይጠጣል። ቅባቱ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ቢለኩሱት በቀላሉ አይነድም። ጥጥ ውስጥ ሲሰርግ ግን…» ማዘንጊያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅባቱም ነጠላውም ለችፌ ደግ ነገር ናቸው፣ ህብረት። ሐኪሙ ያለሽን ነው ያደረግሽው። እሳት አጠገብ መሆን ብቻ ነበር የሌለባቸው። ያን ደግሞ ማንም አልነገረሽም።»

«እኔ ነኛ» አለች ህብረት። «በገዛ እጄ ነዋ የቀባኋቸው።»



«አልጨረስኩም» አለች ማዘንጊያ። «አንድርያስ፣ ማሽን ነክተህ የማታውቅ ሰው በለቅሶ ሰሞን፣ ሚስትህ አትንኩብኝ ያለችውን ልብስ ለምን አጠብክ? ሳኒታይዘር ነው ብለህ የምታምን ሰው ያልተቃጠሉትን ነጠላዎች አይፈራም። ፋርማሲስቷን ጠይቄያታለሁ። ‹ለአማቹ በመስኮት ነግሬዋለሁ፤ ከሻማና ከምድጃ አርቁ፣ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ ብዬዋለሁ› ብላኛለች።»

አንድርያስ ዓይኑን ከሚስቱ አሸሸ።

«ልነግራት ነበር» አለ። «ከመስኮቱ ሳልወጣ ማናጀሬ ኮል አደረገልኝ። ሥራ የለህም አለኝ። ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሲነዱ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ብናገር፣ ያነደዳቸው እሷ በገዛ እጇ የቀባቻቸው መሆኑን ልታውቅ ነው። በሕይወት የምትቆይ አልመሰለኝም።»

«ለሚስትህ አዝነህ የሌላ እናት ልጅ ወደ እስር ስትሄድ ዝም አልክ።»

ፖሊሱ አንድርያስ ምን እንዳለ ጠየቀ። ማዘንጊያ አንድ ቃል ሳትጨምር ተረጎመችለት። ፖሊሱ መጥበሻውን፣ ከዚያ ፍርዶስን አየ፤ «ሰኞ የሚታሰር ሰው የለም» አለ።

ፍርዶስ መግቢያው ላይ እንደቆመች ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ህብረት ሣሩን አቋርጣ ሄደች። ተራራቁ የሚለውን ያስታወሰ አልነበረም። ልጅቷ ፊት ስትደርስ ቆመች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ሲነዱ አጠገባቸው አንቺ ነበርሽ። ምን አሉ?»

ፍርዶስ እጆቿን ከፊቷ አወረደች።

«‹ቶሎ አጥፊው፣ ህብረት እንዳትደነግጥብኝ› አሉኝ።»

ህብረት በልጅቷ ትከሻ ላይ ወደቀች። ፍርዶስ በተሰነጣጠቁ እጆቿ ያዘቻት፤ ሁለቱም ሣሩ ላይ ወድቀው፣ በዚያ ሁሉ ሳምንት ያልተለቀሰውን አብረው አለቀሱት። አንድርያስ ሊነሣ ብሎ፣ ወደ ማን እንደሚሄድ ስላላወቀ ተመልሶ ተቀመጠ።