የደረቀ ኳስ በእርጥብ ክፍል

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ሳይጀመር፣ የኳሱ ክፍል እንዲህ ነበር። መስኮት የለውም። በብረት መደርደሪያዎቹ ላይ የቤዝቦል ኳሶች በየካርቶኑ ተደርድረዋል። የግድግዳው መለኪያ የአየሩ እርጥበት ሃምሳ በመቶ መሆኑን ያሳያል። መሰላሉ ታጥፎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ የልምምድ ኳስ የሚሰፋበት ሰም የጠጣ ቀይ ክር፣ አንድ ቆርቆሮ ጭቃ እና አንዲት ትንሽ ሚዛን አሉ። ኪዳኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለማታው ጨዋታ የሚወጡትን ኳሶች አንድ በአንድ በጭቃ እያሸ ነበር፤ አዲስ ኳስ ያንሸራትታልና ሳይታሽ ሜዳ አይገባም።

ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉ ወለሉ ላይ ወድቆ ተገኘ። ኪዳኔም ከጎኑ።

ፀዳል ከፒዮሪያ ስትሪት ታጥፋ ስታዲየሙ በር ላይ ስትደርስ፣ ሠራተኞች የድሉን ባነር እየሰቀሉ ነበር። ከዴንቨር ጎን ያለችው የኦሮራ ከተማ ቡድን፣ ፕሬሪ ፎክስ፣ ማታውን የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፔናንቱ፣ ማለትም የአሸናፊው ቡድን ሰንደቅ፣ ሜዳው ዳር ባለው ምሰሶ ላይ ይወጣል። ፀዳል የካውንቲው የሞት መርማሪ ናት። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ነርስ ነበረች፤ ከሬሳ ጋር ስትሆን ድምፅዋን ዝቅ የማድረግ ልማዷ ከዚያ የመጣ ነው።

«ከመሰላል ወደቀ፤ ወይም ተገፋ» አላት መርማሪ ፖሊሱ። «ያገኘው የመኪና ማቆሚያው ኃላፊ ነው፣ ታደሰ የሚባል። ትናንት ከጨዋታው በፊት ተጣልተው ነበር። ‹ትጸጸታለህ› ብሎ ሲጮህበት የሰማ ሰው አለ። ሰኞ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

ፀዳል ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች።

ኪዳኔ በስድሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው። የራስ ቅሉ በስተኋላ ተጎድቷል፤ የአንዱ መደርደሪያ የብረት ጥግ ላይም ደም አለ። እስከዚህ ድረስ የፖሊሱ ወሬ ያስኬዳል። ነገር ግን ኪዳኔ በጀርባው ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ እግሮቹ ገጥመዋል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። በሁለቱ የእጁ አውራ ጣቶች ላይ ቀጭን የክር ሰንበር አለ፤ ሰንበሩ ውስጥ የቀይ ቀለም ጭረት ይታያል።

«በክር ሲሰፋ የዋለ ሰው ነው» አለ ፖሊሱ ከጀርባዋ።

«ሊሆን ይችላል» አለችና የጃኬቱን ኪስ ፈተሸች። አንድ ኳስ ወጣ። ከመደርደሪያው ሌላ አንስታ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የመደርደሪያው ኳስ ቆዳ ለስለስ ያለ ነው፤ ጭቃውንም ጠጥቶታል። የኪሱ ኳስ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ጭቃው በጓንቷ ላይ እንደ አቧራ ረገፈ።

የዴንቨር አየር ስስና ደረቅ ነው። ኳስ ሲደርቅ ይቀላል፣ ይጠነክራል፤ ሲመታም አጥር አልፎ ይሄዳል። ይህ ክፍል የተሠራው፣ ኪዳኔም ስንት ዓመት እዚህ የተቀመጠው፣ ያ እንዳይሆን ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ያደረ ኳስ አይደርቅም። የኪሱ ኳስ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ታደሰ በጠባቂ ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጧል። ቀኝ እጁ እስከ ጣቶቹ በጀሶ ታስሯል፤ ባለፈው ሳምንት የመኪና ማቆሚያው የብረት ክንድ ወርዶበት ነው።

«ሐበሻ ላኩልኝ ማለት ነው?» አለ ሲያያት። «አማርኛ እየሰማሁ ልታሰር ነዋ። ጥሩ ነው፣ እንዳይከፋኝ።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ኳስ ነዋ! ጋሽ ኪዳኔ በሰው ፊት ‹ኳሶቼን እየወሰድክ የምታደርቃቸው አንተ ነህ ወይ?› አለኝ። እኔ ካርቶኑን በጋሪ ከክፍሉ እስከ ሜዳው በር እገፋለሁ፣ በቃ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ መኪና ሰረቅክ ያለኝ የለም፤ እዚህ በኳስ ሌባ ልባል? ተናደድኩ። ‹ትጸጸታለህ› አልኩት። እውነቱን አውቆ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ነው እንጂ…» ድምፁ ተሰበረ። «ጠዋት የመጣሁት ራሴ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

«ስታገኘው ነካኸው?»

«በዚህ እጅ ምኑን እነካለሁ? ጮህኩ፣ ሮጥኩ። አሁን ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት፣ እህቴ።»

«ኳሶቹን ሜዳው በር ላይ ማን ይቀበልሃል?»

«ጋሽ ዘውዱ። ለዳኛው የሚያቀብለው እሱ ነው።»

ፀዳል ቀጥላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደች። ማሊያ የምታጥበው ሔለን ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ማጠፉን አላቆመም።

«ጋሽ ኪዳኔ ‹ኦሞ አትቆጥቢ፣ የቡድኑ ነው› ይለኝ ነበር» አለች። «የራሱን ጃኬት ግን አንድ ቀን አምጥቶልኝ አያውቅም። ያፍር ነበር መሰለኝ።»

ክፍሉ ይሞቃል። ፀዳል ከማድረቂያ ማሽኖቹ ጀርባ ያለውን ጠባብ መደርደሪያ በእጇ ዳሰሰች። ሊያቃጥል ምንም አልቀረው።

«እዚህ ምን ይቀመጣል?»

«ያልተቀመጠ ምን አለ? ተጫዋቾቹ ጓንታቸውን፣ ታደሰ በዝናብ የራሰ ጫማውን፣ ጋሽ ዘውዱ ጥቁር ቦርሳውን። ‹የእኔን ክፍል ሻንጣ ቤት አደረጋችሁት› ብዬ ሁሌ እጮኻለሁ። ማን ይሰማኛል?»

ከመደርደሪያው ሥር ግራጫ አቧራ አለ። ፀዳል በጣቷ አሸችው። ጭቃ ነው፤ ደርቆ የረገፈ።

ኪዳኔ ሚስትም ልጅም የለውም። ስለዚህ ለቅሶው የተቀመጠው ሎውሪ ሰፈር፣ ዘውዱ ቤት ነበር። ሁለቱ በስደት ሱዳን ካምፕ ውስጥ ተገናኝተው፣ ኦሮራ አብረው ገብተው፣ ኋላም አበልጅ ሆነዋል። ኪዳኔ የዘውዱን ልጅ ኤርሚያስን ክርስትና አንስቷል። ኤርሚያስ ዛሬ የፎክስ ዋና መቺ ነው፤ ቡድኑን ለዋንጫ ያበቁት የእሱ ሆም ራኖች፣ አጥር አልፈው የሚወጡት ምቶቹ፣ ናቸው።

ዘውዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሰው ሲገባ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። ፀዳልም እንደ ወጉ «እግዜር ያጥናዎት» አለችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሬሳውን ወሰዳችሁብኝ፣ ልጄ» አላት። «እኔና እሱ ካምፕ ሳለን ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ቄስ የለንም። እኔ ዲያቆን ስለነበርኩ የምንገንዛቸው እኔና እሱ ነበርን፤ ክር ስናጣ ከድንኳኑ እየመዘዝን። ‹ቀድሜህ ከሞትኩ አንተ ነህ የምትገንዘኝ› ይለኝ ነበር። ይኸው፣ ለዚያም አልበቃሁም።»

«ማታ ከጨዋታው በኋላ አግኝተዋቸው ነበር?»

«የት! ሰው ሁሉ ሲጨፍር ተለያየን።»

ኤርሚያስ ጥግ ላይ ቆሞ ስልኩን በእጁ ያገላብጣል። ፀዳል ወደ እሱ ሄደች።

«ዋና ሊግ ካለ አንድ ቡድን ሰው መጥቶ እያየህ ነው ይባላል።»

«ያህ። ማንዴይ ኮንትራት እንፈርማለን» አለ። ከዚያ ዓይኑን አሸ። «ጋሼ ግን ትናንት ከጌሙ በኋላ ሀግ አደረገኝና… ‹ምንም ቢመጣ የእኔ ልጅ ነህ› አለኝ። ዋት ዳዝ ዛት ሚን? ዳዴን ስጠይቀው ‹ሽማግሌ ነው፣ ተወው› አለኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ስታዲየሙ ውስጥ ሳይገባ፣ ፀዳል ሁሉንም፣ ተጫዋቾች በሚቀመጡበት ጣሪያ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሔለን አግዳሚው ጫፍ ላይ ናት። ታደሰ ከፖሊሱ ጎን ተቀምጧል። ኤርሚያስ ማሊያውን ለብሷል። ዘውዱ በኪዳኔ ፋንታ ሰንደቁን እንዲሰቅል ተመርጦ፣ የታጠፈውን ፔናንት ጭኑ ላይ ይዟል። ፀዳል ለፖሊሱ አስቀድማ ስለነገረችው፣ በአማርኛ ቀጠለች።

«ጋሽ ኪዳኔ ከመሰላል ቢወድቁ፣ እንደ ወደቀ ሰው ይገኙ ነበር» አለች። «የተገኙት ግን እንደተዘረጋ ሰው ነው። እግራቸው ገጥሟል፣ ዓይናቸው ተከድኗል። ታደሰ አልነካሁም ይላል። ስለዚህ ከእሱ በፊት የነካቸው ሰው አለ።»

«እኔን አትዩኝ» አለች ሔለን ቀስ ብላ፤ ያያት ግን አልነበረም።

«አውራ ጣቶቻቸው ላይ የቀይ ክር ሰንበር አለ። የስፌት ክር ቢሆን ጣቱን ይዞረው ነበር። ይሄ ግን በውጭው ጎን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች በሚነካኩበት በኩል ቆዳው ንጹሕ ነው። ጣቶቹ ተገጥመው አንድ ላይ ታስረው ነበር ማለት ነው። ለምን እንደሚታሰር እዚህ ላለነው ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ሰው ጋሽ ኪዳኔን ገንዟቸዋል። ኋላ አደጋ መምሰል እንዳለበት ትዝ ሲለው ክሩን ፈታው፤ መሰላሉንም አጋደመው። ዓይናቸውን ግን መልሶ ሊገልጥ፣ ኪሳቸውንም ሊበረብር አልቻለም።»

ታደሰ የታሰረ እጁን አየ። ፀዳልም አየችው።

«አዎ፣ አንተ አይደለህም። በአንድ እጅ እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይቋጠርም። አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ። ጋሽ ኪዳኔ ኪስ ውስጥ የተገኘው ኳስ በማድረቂያ ማሽኑ ጀርባ የከረመ ነው። ደረቅ ኳስ ብቻውን ለማንም አያደላም፤ ሁለቱም ቡድን ይመታዋል። የሚጠቅመው ፎክስ ሲመታ ደረቁን፣ እንግዳው ሲመታ እርጥቡን እየለየ ለዳኛው የሚያቀብል ሰው ካለ ነው። ካርቶን የሚገፋ ሰው ይህን መለየት አይችልም። ማሊያ የምታጥብም አትችልም።» ዞር አለች። «ጋሽ ዘውዱ፣ ጥቁሩ ቦርሳዎ የት ነው?»

ዘውዱ ሰንደቁን ዳሰሰ።

«ዳድ?» አለ ኤርሚያስ።

«ጋሽ ኪዳኔ መጀመሪያ ታደሰን ጠረጠሩ» ቀጠለች ፀዳል። «ከዚያ ማታውን ደረቁን ኳስ ከቦርሳዎ አገኙና ወደ ሊጉ ሳይሆን ወደ እርስዎ መጡ። አበልጃቸው ነዎት። አስቀድመው ለእርስዎ መንገራቸው ራስዎ እንዲናገሩ ነበር።»

«እስከ ሰኞ ታገሰኝ አልኩት» አለ ዘውዱ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ልጁ ይፈርምና ከዚያ እኔን ስቀለኝ አልኩት። ‹በውሸት አላስፈርመውም፣ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ› አለኝ። ኳሱን ኪሱ ሲከት ልቀማው እጁን ያዝኩት። ጎተተ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፣ ልጄ። መግፋት ብቻ።»

«ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች ፀዳል። «ሐኪሙ ጭንቅላታቸውን አይቶታል። ደሙ የተጠራቀመው ቀስ ብሎ ነው፤ ከወደቁ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። የክሩ ሰንበር ግን ደም አልቋጠረም፤ የታሰሩት ከሞቱ በኋላ ነው። እርስዎም ሰው ሳይሞት የሚገንዙ አይደሉም። ስለዚህ እዚያው ነበሩ። አምቡላንስ ቢጠሩ ጋሽ ኪዳኔ ነቅተው ይናገራሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብለው እስኪሞቱ ጠበቁ።»

ዘውዱ አንገቱን አቀረቀረ።

«እጄን ይዞኝ ነበር» አለ። «የሚጠራኝ ስሜን ነበር። ይጥራኝ እንጂ ልነሳ አልቻልኩም። ኤርሚዬ ሰኞ ይፈርማል፣ ሰኞ ይፈርማል እያልኩ…»

«ለቅሶውን የተቀመጥከው አንተ ነህ!» ታደሰ ብድግ አለ። «ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናህ አለህ እኮ! እጅህን ስሞ!»

ኤርሚያስ አልጮኸም። አባቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ፔናንቱን ከጭኑ ላይ አነሳው።

«የመታኋቸው» አለ፣ አማርኛውን በጥንቃቄ እየመረጠ፣ «ከእነሱ ውስጥ የኔ የትኛው ነው?»

«ሁሉም… ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ እኔ ትንሽ ባግዝህ ብዬ…»

«የትኛው ነው?»

ዘውዱ መለየት አልቻለም። የሰጠው ደረቅና እርጥብ ኳስ ስንት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ኤርሚያስ ይህን ከአባቱ ፊት ላይ ካነበበ በኋላ ሰንደቁን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ኳሱ ክፍል ሄደ። ፖሊሱ ዘውዱን ሲያስነሳው፣ ታደሰ ዓይኑን ከምድር ሳያነሳ መንገድ ለቀቀላቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሊጉ ዋንጫውን ሰረዘ። የዋናው ሊግ ቡድን የኤርሚያስን ውል አዘገየው። ታደሰ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኪዳኔን የገነዙት የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆናት ናቸው፤ ኤርሚያስ ክሩን አቀበላቸው።

ፀዳል መዝገቡን ከመዝጋቷ በፊት የቀራትን አንድ ሥራ ሠራች። ከኪዳኔ ኪስ የወጣውን ኳስና ከመደርደሪያው ያነሳችውን በላቦራቶሪው ሚዛን ላይ አስመዘነቻቸው። ልዩነታቸው አምስት ግራም ነበር።