ባላምባራስና ረጅሙ መስታወት

ባላምባራስ ሞተር ላይ አልወጣም አለ። አራት እግሩን በጋራዡ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ ቀንዱን ወደ መሬት ደፍቶ ቆመ። ሁለት ሰው ቢገፋውም ንቅንቅ አላለም።

«ይውጡ እንጂ ባላምባራስ» አለችው ሐምዲያ። «የሙጃ ሴቶች በጉጉት እየጠበቁዎት ነው።»

«በግ አንቱ ይባላል?» አለ የጋራዡ ባለቤት ሸዕባን፣ ከኋላ እየገፋ።

«የስንት ግልገል አባት ሊሆን የሚሄድ ነዋ! ማክበር አለብን።»

ሐምዲያ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከላሊበላ እየተነሳች የላስታን ደጋ በሞተር ታዳርሳለች። ባላምባራስ ደግሞ በግ የሚያረቡ የሙጃ ሴቶች ለዘር የጠየቁት፣ ግንባሩ ነጭ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አውራ በግ ነው። ይዛው ልትሄድ የተነሳችው ግን በግ ለማድረስ ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከመንገድ ስትመለስ አንገቷ አልዞር፣ ትከሻዋ አልነሳ ይላት ጀምሯል። የሞተሯ መሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳታል፤ የደጋው ንፋስም ደረቷን እየገፋ ያደክማታል። ኃላፊዋ ክፉ ሰው ባይሆንም ቁርጡን ነግሯታል፦ «በጉን ሙጃ አድርሰሽ ከሞተሩ ቀጥ ብለሽ ከወረድሽ መስመሩ ያንቺ ነው። መንገድ ላይ ከቀረሽ አብሮሽ የሚሄደው ባልደረባሽ አዝመራው ይረከብሻል፤ አንቺ ቢሮ ትቀመጫለሽ።»

ቢሮው መስኮቱ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ክፍል ነው። ሐምዲያ እዚያ ከመቀመጥ ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ብታድር ትመርጣለች።

ሸዕባን ሦስት የንፋስ መከላከያዎችን ማዳበሪያ ላይ ደረደረላት። ሁሉም ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፤ እሱ ግን መስታወት ይላቸዋል።

«አጭሩ ደረት ይከልላል። መካከለኛው አገጭ ድረስ ነው። ይኼኛው ግን» አለ ረጅሙን አንስቶ፣ «ቤት ነው!»

«ቤቱን ስጠኝ። ንፋስ ጭራሽ እንዳይነካኝ ነው የምፈልገው።»

ይህን ስትል እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈውን ሰፊ የወንድ ጃኬት እስከ አንገቷ ቆለፈች። ሸዕባን ጃኬቱን ያውቀዋል፤ የሟች ባሏ ነበር። ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

«መሪ ማንሻውስ? አጭር ብረት አለ፤ ረጅም አለ።»

«ረጅሙን። እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ መቀመጥ አምሮኛል።»

ሲገጠምላት ወጥታ ተቀመጠች። መሪው ወደ እጆቿ መጣ፤ ወገቧ ተቃና። «ወላሂ፣ አልጋ ነው!» አለች። ባላምባራስ በዚያው ቅጽበት የሸዕባንን ሽርጥ መብላት ስለጀመረ ሁለቱም ሳቅ ያዛቸውና ማንም መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ አልሞከረውም። ሸዕባን ሽርጡን አስጥሎ፣ አጭሩንም ብረት ከነብሎኑና ከነመፍቻው ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረላት። «ምናልባት ካልተስማማሽ» አላት።

አዝመራው ሞተሩን እያስጓራ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ በሞተሩ ላይ መከላከያ የሚባል ነገር የለም።

«እትዬ ሐምዲያ፣ ይኼ ሞተር ነው የሱቅ መስኮት?»

«የምትገዛ ከሆነ ጠጋ በል፤ ካልሆነ መንገድ ልቀቅ።»

ባላምባራስን አራት ሰው ተሸክሞ ከኋላ ወንበሩ ላይ በታሰረው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገባው። ጉዞ ተጀመረ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሐምዲያ መንዙማ እያንጎራጎረች ነበር። መስታወቱ ንፋሱን ለሁለት ሰንጥቆ በግራና በቀኝ ያሳልፍላታል። ባላምባራስ ከሳጥኑ ብቅ ብሎ አገሩን ያያል። አዝመራው ይፈተለካል፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንደገና ይፈተለካል።

ሸለቆውን ተሻግረው ዳገቱን እንደጀመሩ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ከተራራ ተራራ ተቀባበለ፤ ሽምብራ የሚያህል በረዶ መንገዱን ያነጣው ጀመር። በረዶው የአዝመራውን አፍንጫና ጆሮ እየጠበጠበ አስጮኸው። ሐምዲያ ከመስታወቷ ጀርባ ሆና ሳቀችበት፤ ሳቋ ግን አልቆየም። መስታወቱን ከውጭ ውሃው፣ ከውስጥ ትንፋሿ ሸፈነው። መንገዱ ከፊቷ ጠፋ። ጠርዙ ከዓይኗ በላይ ስለሆነ በላዩ አሻግራ ማየት አልቻለችም፤ አንገቷን በጎን አስግጋ መንዳት ግድ ሆነባት።

«መጥረጊያ የለውም ወይ?» ጮኸ አዝመራው።

«አለው! እጄ ነው!»

በአንድ እጇ እየጠረገች፣ በአንድ እጇ እየነዳች በረዶውን አለፈችው። ደመናው ሲሸሽ አገሩ ሁሉ አበራ፤ ውሃው ከየቋጥኙ እየዘለለ ወረደ። እፎይ ብላ ሳትጨርስ ከገብስ ማሳ ዳር ሦስት ውሾች የበጉን ሽታ ይዘው ተወረወሩ። ከፊቷ ያለው ደግሞ መንገዱ በገደል አፋፍ ላይ እንደ እባብ የሚታጠፍበት ኩርባ ነበር።

ማርሽ ቀነሰች። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረች። ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ በራሱ አጓራና ተስፈንጥሮ ወደ ገደሉ ነጎደ። ሐምዲያ ፍሪሲዮኑን ጨመቀች፤ ፍሬኑን ረገጠች፤ እግሯን ጠጠሩ ላይ ተከለች። የፊት ጎማው ጫፍ ላይ ቆመ። ከሥሩ የተፈነቀለው ድንጋይ ወረደ፤ ድምፁ የተሰማው ግን ቆይቶ ነበር።

ውሾቹ ሳጥኑን ከበቡት። የፊተኛው ሊዘል ሲንጠራራ ባላምባራስ በቀንዱ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ውሻው እያለቀሰ ወደ ጌታው ሮጠ። ጌታው ታፈረ የሚባሉ ጠና ያሉ ገበሬ፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«ውሻዬን የመታው በግ ነው?» አሉ በመገረም። «በሉ እንግዲህ፣ ዘሩን ለእኛም አምጡልን!»

አዝመራው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «እትዬ፣ ቀልዴን አይደለም። በጉን ስጪኝና ይብቃሽ።»

«ቆይ።»

ከሞተሩ ወረደች። ሞተሩን ከአፋፉ ስባ፣ ሳታጠፋው መሪውን ወደ ግራ አዞረች፤ ዝም አለ። ወደ ቀኝ አዞረች፤ አጓራ። የነዳጅ መስጫውን ሽቦ በጣቷ ነካችው፤ እንደ ማሲንቆ ጭራ ተወጥሯል። ረጅሙ ብረት መሪውን ሲያነሳው ሽቦው አጥሮ ቀርቷል። መሪው ሲዞር ሽቦው ይሳባል፤ ሽቦው ሲሳብ ሞተሩ ነዳጅ ይጠጣል።

ከቦርሳዋ አጭሩን ብረት አወጣች። «አያ ታፈረ፣ መሪውን ይያዙልኝ። እንደ በሬ ቀንድ አጥብቀው ይያዙት።»

ሰውየው ያዙላት። «ይኼ ብረት ምን ይሠራል?»

«መሪውን ከፍ አድርጎ ወገቤን ያቃናልኛል።»

«ወይ ጉድ! ለእርፌም እንዲህ ያለ በተገኘ! ከልጅነቴ እንዳረስኩ እንደጎበጥኩ ነው።»

አጭሩን ብረት ገጥማ ስትጨርስ መሪውን ዳር እስከ ዳር አዞረችው፤ ደግማ አዞረችው። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይንደቀደቃል። መሪው ከቅድሙ ትንሽ ዝቅ ቢልም ወገቧ እንደተቃና ነው። አያ ታፈረ መርቀው ሸኟት፤ በጉንም እንደ ሹም እጅ ነሡት።

ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ሲወጡ ዓለም ሁሉ ከእግራቸው በታች ሆነ። የጓሳው ሳር ይተኛል፣ ይነሳል፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ንፋሱ ግን ከፊት አልመጣም፤ ከጎን ነው የመጣው። ረጅሙን መስታወት እንደ ድንኳን ሸራ ያዘው። በጉ ከኋላ ስለሚከብድ የፊት ጎማው ቀልሎ ነበርና ሞተሩ መንገዱን አቋርጦ ሳሩ ውስጥ ገባ። ሐምዲያ ታግላ መለሰችው። እንደገና ወሰዳት። ትከሻዋ ላይ ያ የምታውቀው ሕመም ነቃ። በመጨረሻ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጥግ ገብታ ሞተሩን አቆመችና ባላምባራስን አውርዳ ድንጋይ ላይ አሰረችው።

አዝመራው ተከትሏት ደረሰ። መነጽሩን በረዶው ወስዶበታል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ወረደ። ቢሆንም እጅ አልሰጠም።

«በዚህ ንፋስ ከነበግሽ የምታርፊው አፋር ነው። በቃ፣ ለአለቃ ልደውል።» ስልኩን አወጣ።

ሐምዲያ መስታወቱን አየችው። እውነቱን ነው። መስታወቱን ፈትታ ብትጥለው ንፋሱ ደረቷን ይደበድባታል፤ ሙጃ ስትደርስ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም። ብትተወው ደግሞ ንፋሱ ይዟት ይሄዳል።

በዚህ መሐል ጭላዳዎች ከገደሉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ጋማው እስከ ጉልበቱ የወረደው አውራው ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየ፤ ጮኸ። ባላምባራስ ደነገጠ። ገመዱን በጥሶ ዞር ሲል ከፊቱ አንድ ነጭ ግንባር ያለው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ደፋር በግ ቆሟል። መስታወቱ ውስጥ ነው። ባላምባራስ ወደ ኋላ አለ፤ ያኛውም ወደ ኋላ አለ። ይህን ድፍረት አልታገሠም። አንገቱን ደፍቶ ተንደርድሮ ወደ ላይ ዘለለ።

ጓ!

ጭላዳዎቹ በአንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ፈሰሱ። የመስታወቱ አናት ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ባላምባራስ ጠላቱ የት እንደገባ ሞተሩን ዞሮ ፈለገ፤ ሲያጣው ራሱን ነቅንቆ ሳሩን መጋጥ ጀመረ።

ሐምዲያ ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ ጀመረችው፤ ከዚያ መያዝ አቃታት። እንባዋ እስኪወርድ፣ ቋጥኙን ተደግፋ ሳቀች። አዝመራው ስልኩን እንደያዘ ያያት ነበር። አብረው ሲሠሩ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም።

እንባዋን ጠርጋ ሞተሩ ላይ ወጣች። የተረፈው መስታወት አፍንጫዋ ድረስ ነው። ከጠርዙ በላይ መንገዱ፣ ሜዳው፣ የሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ንፋሱ በመስታወቱ ተገፍቶ በጭንቅላቷ ላይ ያልፋል፤ ግንባሯን ብቻ ዳሰስ አድርጎ ይሄዳል። አልከፋም። ልክ እዚህ ላይ ነው መሆን የነበረበት።

«አዝመራው፣ ስልኩን ኪስህ ክተትና መስታወቱን ያዝልኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

ከመድኃኒት ሳጥኗ የከብት ቀንድ የምትቆርጥበትን ሽቦ መጋዝ አወጣች። ባላምባራስ ሽቦውን ሲያይ አንገቱን ከቋጥኙ ጀርባ ደበቀ።

«አብሽር፣ ዛሬ ተራው የእርስዎ አይደለም» አለችው።

ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ሳበችው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አዝመራው እያጉረመረመ ያዘላት፤ ኋላ ግን «እዚህ ጋ ጠመመ፣ ዝቅ አድርጊው» ማለት ጀመረ። የተሰነጠቀው ሁሉ ተቆርጦ ወደቀ፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ጠርዝ ቀረ።

ባላምባራስን ተጋግዘው ወደ ሳጥኑ መለሱት፤ ቀሪውን መንገድ ሐምዲያ ከፊት ሆነች። ንፋሱ ከጎን መጣ፤ የሚይዘው ግን አላገኘም። በረዶው የሞላውን ጅረት ውሃውን ለሁለት ከፍላ ተሻገረች። ኩርባውን ሁሉ መሪዋን እንደልቧ እያዞረች፣ መንገዱን ከመስታወቱ በላይ እያየች ጋለበችው። አዝመራው ከኋላዋ ተጠግቶ በእሷ ጥላ ንፋሱን እያመለጠ ተከተላት። አይታዋለች፤ አልሸሸችውም።

ሙጃ ሲገቡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሴቶቹ ሊቀመንበር ጥሩነሽ እልልታውን አስነሳችው። ሁሉም ዓይን በጉ ላይ ነበር፤ የአዝመራው ዓይን ግን ሐምዲያ ላይ። እግሯን አሻግራ ወረደች። ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ተንጠራራችና የሳጥኑን ገመድ ፈታች።

«ማሻአላህ ይባላል እንዲህ ያለው!» አለች ጥሩነሽ የበጉን ጀርባ እየዳበሰች። ወዲያው ዞር አለች። «ሐምዱዬ፣ ይኼ ልጅ ምን ሆኖብሽ ነው?»

አዝመራው ከሞተሩ መውረድ አቅቶት እጁ መሪው ላይ እንደደረቀ ጎብጦ ቀርቷል። ሁለት ሴቶች በብብቱ ይዘው አወረዱትና ሳሩ ላይ አስቀመጡት። እዚያው ተቀምጦ ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ሀሎ፣ አለቃ... ደርሳለች። አዎ፣ ቀጥ ብላ። በጉም ደርሷል፤ እሱማ ከሁላችንም ደህና ነው... እኔ? እኔ ሳር ላይ ነኝ።» አዳመጠ። ሐምዲያን ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ከፍ አደረገ። «አይ፣ እኔ አልረከብም። መስመሩ የእሷ ነው። ይልቅ ያ የቢሮ ወንበር ትራስ አለው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጥሩነሽ ግን የሐምዲያን ክንድ ይዛ ወደ ጎን ሳበቻት። «ደክሞሻል አውቃለሁ፤ ከዚያ ጉብታ ባሻገር ምጥ የጠናባት ላም አለች። እስከ ነገ ትቆይ ይሆን?»

«ነገ ምን ያደርጋል?» አለች ሐምዲያ። «ሂጂ፣ ሙቅ ውሃ አስይዢልኝና ከኋላዬ ውጪ።»

ጥሩነሽ ባዶውን ሳጥን አስወርዳ፣ ሴቶቹ ውሃውን ይዘው እንዲከተሉ ነግራ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ከኋላ ወጣች። ሐምዲያ ሞተሩን አስነሳች፤ መሪውን ወደ ዳገቱ አዞረች፤ ሁለቱ ሴቶች እየተሳሳቁ ወደ ጉብታው ወጡ።