ከአጥሩ ወዲህ

ካያ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስትስበው ጥይቷ ዱብ ብላ የኩሽናው ወለል ላይ ተንከባለለች።

«አባባ፣ ይሄ ጠብመንጃ ጎርሶ ነው እኮ የቆመው!»

አያቷ ኦርቪን ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ ቀና አለ። «ማነው ያጎረሰው?»

«እኔንጃ፣ ድመቷ ትሆናለች።»

ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። በዚህ ሳምንት ብቻ ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ያንን ጠብመንጃ ደግሞ ከሱ በቀር የሚነካው የለም።

ለማን ይነገራል? ኦርቪን ማለት እኮ በዚህች የአሜሪካ ዊስከንሰን ግዛት ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጆች የጠብመንጃ አያያዝ ያስተማረ ሰው ነው። ፖሊሱም፣ ፓስተሩም፣ የራሷ አባት ዴልም የሱ ተማሪዎች ናቸው። ማክሰኞ ለአባቷ ነግራው ነበር።

«ተይ እንጂ ካያ!» አላት። «ሽማግሌ ነው፣ ይረሳል። ዛሬ የአባቴን ጠብመንጃ ብነጥቅ፣ ነገ ዳኛ መጥቶ የኔን ሲነጥቀኝ በምን አፌ ልናገር ነው?»

እሷስ በምን አፏ? ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ክርክር ነበር። ለሰው ከሚያሰጋ ሰው ላይ ዳኛ መሳሪያ ይውሰድ ወይስ አይውሰድ? ካያ «አይውሰድ» ባዮቹን ወክላ «አያቴን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው ማን ነው የሚነካው!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ጓደኛዋ ብሪታ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ በቃ ምክር ቤት ግቢልን» ብላታለች።

ዛሬ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን ነው። አባቷ ሳይነጋ ወጥቶ ከኮረብታው ጀርባ አድፍጧል። ካያና አያቷ አዳኝ ከሩቅ እንዲታይ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደሪያ ለብሰው፣ ጠብመንጃቸውን ይዘው፣ በረዶውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ወደዚያው እየሄዱ ነው።

«ዴል የት ሄደ?»

«ኮረብታው ጀርባ ነው አባባ።»

ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ፣ «ዴል ዘንድሮ አልመጣም አይደል?»

«መጥቷል! ኮረብታው ጀርባ ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ምን ያስጮህሻል? አጋዘኖቹን አስበረገግሻቸው እኮ።»

ከዚያ ከኮረብታው በኩል የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ኦርቪን ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ ደገነ። «አየሽው? ቀንዳሙን?»

ካያ የምታየው ዛፍ ብቻ ነው። «አውርደው! አባባ፣ አውርደው በናትህ!»

አወረደው። እንደ ማፈር ብሎ አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። እሷ ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም፤ እዚህ ኖሮም አያውቅ።

ሽቦ አጥሩ ጋ ደረሱ። ከአጥሩ ማዶ ኮረብታው ነው፣ ከኮረብታው ጀርባ አባቷ።

ጠብመንጃ ተይዞ አጥር አይዘለልም፤ ኦርቪን መጀመሪያ የሚያስተምረው ትምህርት ይሄ ነው። ጥይቱን ታወጣለህ፣ መሳሪያውን ለጓደኛህ ትሰጣለህ፣ ባዶ እጅህን ትሻገራለህ፣ ከዚያ ትቀበላለህ። እጆቹ ይሄን አልረሱም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ማቀባበያውን ከፍቶ አሳያት።

«ባዶ» አለ።

አጎንብሳ አየች። «ባዶ።»

ሰጣት። ሽቦውን በአንድ እጁ ተጭኖ፣ እያቃሰተ፣ አንድ እግሩን ከዚያ ሌላውን አሻገረ። ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«አምጪ።»

ካያ አላቀበለችውም። ሁለቱም ጠብመንጃ እሷ ጋ ነው።

«አባባ፣ ከኮረብታው ጀርባ ማነው ያለው?»

ዞሮ ኮረብታውን አየው። ከንፈሩ የሆነ ስም ፈልጎ አጣ።

«ማንም» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ማን ይኖራል ደግሞ?» እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። «ካያ፣ ምን ነካሽ? የተሻገረ ሰው መሳሪያው ይመለስለታል። አላስተማርኩሽም?»

«አስተምረኸኛል።»

«ታዲያ?»

የራሷንም ጥይት አወጣችና ኪሷ ከተተች። ከዚያ እዛው ከአጥሩ ወዲህ በረዶው ላይ ቁጭ አለች፣ ሁለቱን ጠብመንጃ ጉልበቷ ላይ አጋድማ።

«በርዶኛል አባባ» አለችው። «ተመለስና ወደ ቤት ውሰደኝ።»